በጋሼ አውራ ጣት ላይ የተጣለው መረብ

ባለፈው ጥር ጋሼ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቤት መጡ። ጋሼ የምላቸው የእናቴን ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ጨርቁን ስፈታው ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል።

«ምን ሆነው ነው?»

«አምባዛ ወጋኝ። ቀላል ነው።»

አምባዛን የሚያውቅ ያውቃል። ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባሉት ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው። ከመረብ ሊያላቅቁት ሲሉ ተወራጭቶ ወግቷቸዋል። ሦስት ቀን አልፎታል። ነጭ ሽንኩርት ደቁሰው አስረውበት ከርመዋል። «ይመግልና ይፈነዳል፤ ቆሻሻው ሲወጣ ይሽለኛል» አሉኝ።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። መግል ሳይ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን እኔም መግልን «ቆሻሻ» ነበር የምለው። አሁን ትቼዋለሁ። ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ።

በማግስቱ በግድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ጣታቸውን አደንዝዞ እብጠቱን ከፈተው። ቢጫ ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መግል ወጣ። ናሙናውን ራሴ ወሰድኩ። የጥጥ እንጨቱን ሳነሳው መግሉ ከቁስሉ አልላቀቅ አለ። እንደ ማር ክር ሠርቶ ተከተለኝ። ውኃ እንዲህ አይጎተትም። ደምም ገና ሲፈስ እንዲህ አይጎተትም። ይህን ነገር ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ «ለምን?» ብዬ ጠይቄ ግን አላውቅም ነበር።

ስላይድ ላይ ቀባሁት፣ አደረቅሁት፣ ባክቴሪያን የሚለየውን የግራም ቀለም ቀባሁት። በትልቁ ሌንስ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ አየሁ። ሐምራዊ ክብ ክብ ባክቴሪያዎች እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተዋል። ስታፊሎኮከስ ይመስላሉ፤ በስሙ ውስጥ ያለው «ስታፊሌ» በግሪክ ያው የወይን ዘለላ ነው። ዙሪያቸውን ኒውትሮፊሎች አሉ፤ ኢንፌክሽን ያለበት ቦታ ቀድመው የሚደርሱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ኒውትሮፊል የሚለየው በሴሉ እምብርት፣ በኒውክለሱ ነው። አንድ ክብ ሆኖ አይታይም። ሦስት አራት ቦታ ተከፋፍሎ፣ ክፍሎቹ በቀጭን ድልድይ ተያይዘው ይታያሉ። በሴሎቹ መካከል ደግሞ ቅርጽ የሌለው ሮዝ ነገር ተዘርግቶ ነበር። ተማሪ ሳለን «ይሄ ባክግራውንድ ነው፣ እለፉት» ተብለናል። እኔም ሳልፈው ኖሬያለሁ።

ያን ቀን አላለፍኩትም። የጋሼ ጣት ስለሆነ ይመስለኛል።

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የሚጀምረው ከእሾህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ኤሊ ሜችኒኮፍ የሚባል ተመራማሪ ጣሊያን፣ መሲና ከተማ ባሕር ዳርቻ ላይ ነበር። ብርሃን የሚያሳልፍ ሰውነት ባለው የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ጠዋት ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሴሎች እንዳሉት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ገደማ ስለ ኒውትሮፊል የተማርነው ይህንኑ ነው። ይውጣል፣ ውስጡ ይገድላል፣ ይሞታል። ሲከማች መግል ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሌላ ነገር ተጨመረ። በርሊን፣ ማክስ ፕላንክ የኢንፌክሽን ባዮሎጂ ተቋም ውስጥ ፎልከር ብሪንክማን፣ አርቱሮ ዚክሊንስኪና ባልደረቦቻቸው የተነቃቁ ኒውትሮፊሎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ከሴሉ ውጭ የተዘረጉ ክሮች አዩ። ክሮቹ ከ15 እስከ 17 ናኖሜትር ውፍረት አላቸው። ባክቴሪያ ተይዞባቸዋል። ክሩ ከምን እንደተሠራ ሲመረምሩት ዲኤንኤ ሆኖ ተገኘ። የሴሉ የራሱ ዲኤንኤ። ስሙንም በእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል «ኔት» አሉት። መረብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ዲኤንኤ ለእኔ የተቀመጠ መዝገብ ነበር። ዓይናችን ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ደማችን ምን እንደሚመስል የተጻፈበት። በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። እናቴ ፈትሉን እንዝርት ላይ እንደምትጠቀልለው፣ ዲኤንኤም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ነው በዓይን በማይታይ ኒውክለስ ውስጥ የተቀመጠው። ኒውትሮፊል ይህን መዝገብ አውጥቶ ጠላት ላይ ይጥለዋል።

እንዴት ነው የሚያወጣው? ይህ ክፍል ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ኒውትሮፊል በሆዱ ውስጥ ትናንሽ ከረጢቶች ይዞ ይዞራል። ከረጢቶቹ ውስጥ ኃይለኛ ኢንዛይሞች አሉ። አንዱ ማይሎፐሮክሲዴዝ ይባላል። ይህ ኢንዛይም የሚያመርተው ነገር በየቤታችን በረኪና ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ቀለሙም አረንጓዴ ነው፤ መግል ወደ አረንጓዴ የሚያደላው በእሱ ምክንያት ነው። ሌላው ኢላስቴዝ ይባላል፤ ፕሮቲን ይቆርጣል። ሴሉ በባክቴሪያ ወይም በፈንገስ ሲነቃ፣ ኦክስጅንን ወደ ጠንካራ አጥቂ ኬሚካሎች ይለውጣል። በዚህ ጊዜ ኢላስቴዙ ከከረጢቱ ይወጣና ወደ ኒውክለሱ ይገባል። ሂስቶኖቹን መቁረጥ ይጀምራል። ፓድ-4 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ሂስቶኖቹ ዲኤንኤውን አጥብቀው የያዙበትን ኤሌክትሪካዊ ጉልበት ያዳክማል። ሂስቶን ፖዘቲቭ ነው፣ ዲኤንኤ ኔጋቲቭ ነው፤ የሚሳሳቡት በዚህ ነው። ሲዳከም ጥቅልሉ ይላላል። የኒውክለሱ ሽፋን ይቀደዳል። ክሩ ሴሉ ውስጥ ይፈስና ከከረጢቶቹ በወጣው መርዝ ይለወሳል። በመጨረሻ የሴሉ ውጫዊ ሽፋን ይፈነዳና መረቡ ይዘረጋል።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ሴሉ በዚህ ይሞታል። ይህን ዓይነት አሟሟት በ2007 «ኔቶሲስ» ብለው ሰየሙት። ከዚህ የፈጠነ መንገድም አለ። በደቂቃዎች ውስጥ ዲኤንኤውን አውጥቶ፣ ሴሉ ራሱ ኒውክለስ ሳይኖረው ጥቂት ጊዜ እየተንቀሳቀሰ ባክቴሪያ መዋጡን ይቀጥላል። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰውነታችን በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ኒውትሮፊል ከአጥንት መቅኒ ያመርታል። ለዚህ ነው የሚያመርተው።

መረቡ ዝም ብሎም አይጣልም። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኒውትሮፊል የጠላቱን መጠን እንደሚለካ አሳየ። ትንሽ ከሆነ ይውጠዋል። ሲውጠው ከረጢቶቹ ወደተዋጠው ነገር ስለሚሄዱ ኢላስቴዙ ኒውክለሱ ጋ አይደርስም። እንደ ካንዲዳ ያለ ፈንገስ ክር ሠርቶ ረዝሞ የማይዋጥ ሲሆን ግን፣ ከረጢቶቹ የሚሄዱበት የላቸውም። ኢላስቴዙ ወደ ኒውክለሱ ያቀናል፤ መረብ ይሆናል።

በዘር የሚወረስ አንድ በሽታ አለ፤ ያንን ኦክስጅን የሚለውጥ ኢንዛይም ያሳጣል። እነዚህ ልጆች ኒውትሮፊል ሞልቷቸው በፈንገስ ይሰቃያሉ። በ2009 በወጣ ሪፖርት፣ በጂን ሕክምና ኢንዛይሙ የተመለሰለት አንድ ልጅ ኒውትሮፊሎቹ መረብ መሥራት ጀመሩ። አልድን ብሎት የነበረው የአስፐርጊለስ ፈንገስ ለቀቀው።

በማግስቱ ጋሼን ፋሻ ልቀይርላቸው ስሄድ ነገርኳቸው። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው መረብ ሊጠግኑ ይሞክራሉ። ቀኝ እጃቸው ታስሯል። የተቀደደውን ቦታ በእግር ጣታቸው ወጥረው ይዘው፣ መጠገኛውን አንድ ቀዳዳ አሳልፈው፣ ክሩን በጥርሳቸው ያጠብቃሉ። አንዱን ቋጠሮ ለመጨረስ ደቂቃ ፈጀባቸው።

«ጋሼ፣ ያ የወጣው መግል ቆሻሻ አይደለም። መረብ ነው።»

«የማን መረብ?»

«የራስዎ ሴሎች የጣሉት።»

«በምን ፈትለው?»

«በዘራቸው። የዘር መዝገባቸው ያለበትን ክር አውጥተው።»

መጠገኛውን አስቀመጡት። ትንሽ አሰቡ።

«በይ እሺ፣ ጣሉት። ማን ይሰበስበዋል?»

አልመለስኩላቸውም። እዚያ ድረስ አላነበብኩም ነበር። በአንድ ሌሊት ንባብ ያልመጣልኝን ጥያቄ እሳቸው በአንድ አፍታ ጠየቁኝ። ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲባል መጣሉ ብቻ አይታየውም። ማታ የጣለውን ሲነጋ ያነሳል። የጣለበትን ቦታ ያውቃል። ሥራው ያ ነው።

ፍለጋዬ ከዚያ በኋላ በእሳቸው ጥያቄ ተመራ።

መረቡን የሚሰበስበው ዲኤንኤዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ዲኤንኤ ይቆርጣል። በደማችን ውስጥ ሁልጊዜ ይዞራል። ማክሮፋጅ የሚባሉት ትልልቅ ነጭ ሴሎች ደግሞ የተቆራረጠውን ይጠርጋሉ። ሰብሳቢው ባይኖር ምን ይሆናል? በ2017 የጀርመን ተመራማሪዎች ይህንኑ አይጦች ላይ ሞከሩ። ደም ውስጥ ያሉትን ሁለት የዲኤንኤዝ ዓይነቶች ያጡ አይጦች ኒውትሮፊሎቻቸው ሲነቃቁ፣ መረቡ ሳይቆረጥ በደም ሥሮቻቸው ውስጥ ተከማቸ። ደም ሥሮቹ ተዘጉ። አይጦቹ ሞቱ። ባክቴሪያ ሳይኖር፣ መረብ ብቻውን በሰራው።

ከዚህ በኋላ ሌሎች በሽታዎችን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። መረቡ ቀይ የደም ሴሎችንና ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ይይዛል፤ ደም እንዲረጋ ያግዛል። በኮቪድ የሞቱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ በትናንሽ የደም ሥሮች ከረጋው ደም ጋር ይህ መረብ ተገኝቷል። ሉፐስ የሚባለው በሽታ ላይ ሰውነት የራሱን ዲኤንኤ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል። በ2010 የታተመ ጥናት ከሉፐስ ሕመምተኞች የአንዳንዶቹ ደም መረቡን በደንብ መቁረጥ እንደማይችል አሳየ። ሳይነሳ የቆየ መረብ ነው።

መረቡን መቁረጥ የሚችለው ግን ሰውነታችን ብቻ አይደለም። ባክቴሪያዎችም መቀሱን አግኝተውታል። ስታፊሎኮከስ የራሱ ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም አለው። ጉሮሮ የሚያቆስለው ስትሬፕቶኮከስም አለው። ቆርጠው ያመልጣሉ። እንዲያውም በ1949 ቲሌትና ሼሪ የተባሉ ሐኪሞች ከዚሁ ስትሬፕቶኮከስ የወጡ ኢንዛይሞችን ደረታቸው ውስጥ መግል ለቋጠረ ሕመምተኞች ሰጥተው ነበር። የተጓጎለው ቀጠነ። መረቡ ሊታወቅ ገና 55 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። የመግል ክርነት ከዲኤንኤ እንደሆነ ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር፤ ዲኤንኤው ሆን ተብሎ የተጣለ ሊሆን እንደሚችል ነው ያልታወቀው።

የጥጥ እንጨቴን የተከተለው ክር መልሱ ይኸው ነበር። ስላይዴ ላይ ያየሁት ሮዝ ነገር ሁሉ መረብ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ሴል በሌላ መንገድም ሲሞት ዲኤንኤው ይፈሳል። እኔም ስቀባው ጨፍልቄ የምበትነው አለ። ለመለየት ሂስቶኑና ኢላስቴዙ ከክሩ ጋር አብረው መኖራቸውን የሚያሳይ የሚያበራ ቀለም ያስፈልጋል። በእኔ ማይክሮስኮፕ አይሆንም።

ሌላም ክርክር አለ። መረቡ ይገድላል ወይስ ይይዛል? የ2004ቱ ጥናት ይገድላል አለ። በ2012 ሌሎች ደግሞ የተያዘውን ባክቴሪያ በዲኤንኤዝ ቆርጠው ሲፈቱት በሕይወት አገኙት። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። መያዝ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ባክቴሪያው ከአውራ ጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ደም እንዳይሄድ እዚያው ከያዙት፣ ሌሎቹ ሴሎች መጥተው ይጨርሱታል። የጋሼ እብጠት ከአንጓቸው አላለፈም ነበር።

የእኛን አካባቢ የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። ከጣና በስተ ምሥራቅ ሊቦ ከምከም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያ የካላዛር ወረርሽኝ ታወቀ። በሽታው ለአካባቢው አዲስ ነበር። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታስቧል። ሁመራና መተማ ለሥራ ሄደው በተመለሱ ሰዎች እንደመጣ ይታመናል። ካላዛርን የሚያመጣው ሌሽማንያ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይገባል። ዝንቧ የነከሰችበት ቦታ ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ ኒውትሮፊል ነው። መረቡንም ይጥላል። የካላዛሩ ጥገኛ ግን ላዩ በወፍራም የስኳር ካባ የተሸፈነ ስለሆነ መረቡ ውስጥ ሆኖም በሕይወት እንደሚቆይ በ2010 ታይቷል። በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ አንዲት የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ምራቋ ውስጥ ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም ተገኝቶባታል። የእኛ አገሯ ዝንብ ሌላ ዝርያ ናት። ቢሆንም ከሊቦ ከምከም የመጣ ናሙና እጄ ሲገባ አሁን የማስበው ስለዚያ የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ አንዱ መረብ ሲጥል፣ ሌላው መቀስ ይዞ ሲመጣ።

የጋሼ ጣት በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳነ። አንቲባዮቲኩ ረዳ፤ መከፈቱም ረዳ። ቦታው ላይ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት አብሬያቸው ወጣሁ። ጥቅምት ላይ እምቦጩ በነፋስ ተገፍቶ ሲመጣ አንድ መረባቸውን ይዞባቸው ሄዶ ነበር። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ መረቡ ያልተወሰደበት አጥማጅ ብዙ አላውቅም። ጋሼን የሚያስጨንቃቸው ዋጋው ብቻ አይደለም። ድሮ መረብ በክር ሲሠራ ይበሰብስ ነበር። ይሄ ናይለን አይበሰብስም። ባለቤቱ ከጠፋም በኋላ ያጠምዳል። ዓሣ ይይዛል፣ ዓሣው ይሞታል፣ የሞተው ሌላ ዓሣ ይጠራል።

ፀሐይ ሳትወጣ ነበር የደረስነው። ውኃው ዝም ብሏል። ጋሼ ደንገሉ ዳር ቀስ ብለው ቀዘፉ። አንድ ቦታ ላይ መቅዘፊያው ተያዘ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ውኃ ውስጥ ከተቱና ጎተቱ። መረቡ ከጭቃና ከእምቦጭ ሥር ጋር ተጠላልፎ ወጣ። አረንጓዴ ለብሷል። የዓሣ አጥንት ተሰክቶበታል፤ አንዱ ቦታ የአምባዛ ጭንቅላት፣ እሾሁ እንዳለ።

«ይሄውልሽ» አሉ። «አምስት ወር ሙሉ ሲሠራ ከርሟል።»

ወደ ታንኳው መሳብ ጀመርን። ከባድ ነበር። መሀል ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ተንፈራገጠ። ቆሮሶ ናት። ክሩ ጉሮሮዋ ላይ ገብቷል፤ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ጋሼ ቢላዋቸውን አወጡ። ጠባሳ ባለው አውራ ጣታቸው ጭንቅላቷን ደገፍ አድርገው ክሩን አንድ በአንድ ቆረጡላት። መዳፋቸው ላይ አንድ አፍታ ዝም አለች። ከዚያ ተገላበጠችና ውኃው ውስጥ ገባች።

የቀረውን መረብ እየሳብን ወደ ታንኳው ከመርነው።